ፍራፍሬን በአትክልት ቦታ መማር

የትምህርት ቤታችን የእርሻ ክበብ በዚህ ዓመት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን እየመራ በአርባ ምንጭ ዙሪያና ከዚያም ከፍ ብሎ በደጋው ወደሚገኙ የአትክልት ቦታዎች አራት ጊዜ ወስዷል። እኔም የክበቡ አባልና የ11ኛ ክፍል ተማሪ እንደ መሆኔ፥ ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ልጆች ስለ ፍራፍሬ የማስረዳት ተራ ስለ ደረሰኝ፥ በዚያ ያየሁትንና ያስረዳሁትን በዚህ መጽሔት ላይ ለመጻፍ አስቤአለሁ። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስብልኝ እለምናለሁ።

ይህን ሥራ ስንጀምር ሁሉም ሰው በደስታ አልተቀበለንም። አንድ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት መጥተው፥ «ልጄን የላክሁት ንባብና ሒሳብ እንዲማር ነው እንጂ ሙዝ እንዲያይ አይደለም፤ ሙዝማ ከጓሮዬ ሞልቷል» ብለው ተናገሩ። ይህ አነጋገር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በእውነትም ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ ያለው፥ የኩልፎና የሐሬ ወንዞች የሚያጠጡት ሜዳ በሙዝ የተሸፈነ ስለ ሆነ፥ የአርባ ምንጭ ልጅ ሙዝን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል። ዳሩ ግን በየቀኑ የሚታይ ነገር ሳይጠየቅ ይቀራል። ልጆቹ ሁሉ ሙዝ ከእናቲቱ ሥር በምትወጣ ቡቃያ እንደሚተከል ያውቁ ነበር፤ «ታዲያ ዘሩ የት ሄደ?» ብለን ስንጠይቃቸው ግን ዝም አሉ። የተጠየቁት ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ከኛም ክፍል ብዙዎቹ አያውቁም ነበር።

ስለዚህ ትምህርቱን የጀመርነው ፍሬ ማለት ምን እንደ ሆነ በመጠየቅ ነው። «የሚጣፍጥ ነገር ነው» አሉ። መልካም፤ ነገር ግን ሎሚ አይጣፍጥም። በዕፀዋት ትምህርት ፍሬ ማለት ከአበባ የሚገኝ፥ ዘርንም በውስጡ የሚይዝ የተክል ክፍል ነው። በዚህ ትርጓሜ ከሄድን ቲማቲም ፍሬ ነው፤ ዱባ ፍሬ ነው፤ ቃሪያም ፍሬ ነው። በዚህ ላይ ታላቅ ክርክር ተነሣ። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ፥ «ቃሪያ ፍራፍሬ ከሆነ እናቴ ለምን ከእንጀራ ጋር ታቀርበዋለች?» ብላ አጥብቃ ተከራከረችኝ። እኔም ገበያና ማድቤት በአንድ ዐይነት፥ የዕፀዋት ሊቃውንት ደግሞ በሌላ ዐይነት ስም እንደሚሰጡ፥ ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል መሆናቸውን ገለጽሁላት። አልረካችም። ስለ ቃሪያ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያው ጉብኝት የሄድነው ወደ አንድ አዛውንት ገበሬ የሙዝ አትክልት ነበር። እዚያም ልጆቹ የበሰለ ሙዝ በቁመቱ ሰንጥቀው በመካከሉ ያሉትን ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች እንዲመለከቱ አደረግን። እነዚያ ነጥቦች ዘር ሊሆኑ ጀምረው ያልሆኑ ናቸው። በደቡብ ምሥራቅ እስያና በኒው ጊኒ ደሴት የሚገኘው የዱር ሙዝ ጥርስ የሚያስቸግሩ ጠንካራ ዘሮች ሞልተውበታል። የጥንት ሰዎች ዘር ያነሰበትን እየመረጡ፥ ቡቃያውን እየነቀሉ በመትከል ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ይህን ለስላሳውን ሙዝ አገኙ። ከዚህም የተነሣ የምንበላው ሙዝ የሚባዛው በቡቃያ ብቻ ነው፤ ቡቃያዋም የእናቷ ቁራጭ ስለ ሆነች በባሕርይዋ ከእናቷ አትለይም። ይህን ስናስረዳ ባለአትክልቱ አባት ከጐናችን ቆመው ይሰሙ ነበርና፥ «እንግዲያው ይህ ሁሉ ሜዳ አንድ ተክል ነው በሉኛ!» አሉ። እኔ ለማስረዳት ብዙ ቃላት የፈለግሁበትን ነገር እሳቸው ባንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

አንድ ተክል መሆኑ ምን ጉዳት አለው ቢባል፥ መልሱ በታሪክ ይገኛል። በኛ ሜዳ የሚበዛው ሙዝ ድዋርፍ ካቨንዲሽ የሚባለው አጭሩ ዐይነት ነው። ካቨንዲሽ የአንድ እንግሊዛዊ መስፍን የቤተ ሰብ ስም ነው። በ1830ዎቹ ዓመታት ጆሴፍ ፓክስተን የሚባለው የመስፍኑ አትክልተኛ ይህን ሙዝ በመስተዋት ቤት ውስጥ አሳድጎ አፈራና በጌታው ስም ተጠራ። በብርድ አገር እሳት እየተነደደለት ያደገ ተክል ስሙን ይዞ እስከ ጫሞ ዳር መድረሱ እኔን ያስቀኛል። ነገር ግን ካቨንዲሽ በዓለም ገበያ የሠለጠነው ኋላ ነው። ከርሱ በፊት ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ በመርከብ እየተጫነ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ሙዝ ግሮ ሚሼል የሚባለው ነበር። ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት ከዛሬው ሙዝ ይልቅ ይጣፍጥ ነበር ይባላል። ይህን ሙዝ የፓናማ በሽታ የሚባል፥ በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ከሥሩ እየገባ የውሃውን መንገድ ዘጋበት፤ ቅጠሉ እየቢጫ ጠወለገ። ሁሉም ተክል አንድ ዐይነት ስለ ነበረ አንዱን የገደለው ሁሉንም ገደለ። በ1960ዎቹ ዓመታት የሙዝ ኩባንያዎቹ ግሮ ሚሼልን ለውጭ ንግድ መትከል ትተው፥ በሽታው ወደማይጥለው ወደ ካቨንዲሽ ዞሩ። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው ሙዝ ግማሽ ያህሉ፥ በመርከብ ከሚነገደውም ከሞላ ጐደል ሁሉ ካቨንዲሽ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልጆቹ «ዳነ!» ብለው አጨበጨቡ። ነገሩ ግን አላለቀም። ካቨንዲሽን የሚገድል የዚያው ፈንገስ አዲስ ዘር በእስያ ተነሣ፤ ሊቃውንት ቲ. አር. 4 ብለው ይጠሩታል። ይህ በሽታ በ2013 በአህጉራችን በሞዛምቢክ፥ በ2019 በኮሎምቢያ፥ በ2021 ደግሞ በፔሩ ተገኘ። ፈንገሱ ሙዝ በሌለበትም አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቈያል፤ ከገባበት አፈር የሚያጠፋው መድኃኒትም አልተገኘም። የሚጓዘውም በጫማ ላይ በተጣበቀ ጭቃ፥ በመቈፈሪያ፥ በመስኖ ውሃ፥ ጤነኛ በሚመስል ቡቃያም ነው።

ከዚህ በኋላ በክበባችን አንድ ሥርዐት ወጣ። ልጆቹ ወደ ማናቸውም የሙዝ አትክልት ከመግባታቸው በፊት በር ላይ ጫማቸውን በውሃና በብሩሽ ያጥባሉ፤ ሲወጡም እንደዚሁ። ጭቃው ሳይታጠብ መድኃኒት ብቻ ማፍሰስ ስለማይጠቅም ዋናው ነገር ጭቃውን ማስለቀቅ ነው። በመጀመሪያ እንደ ጨዋታ ቈጥረውት ነበር፤ አሁን ግን አንዱ የ3ኛ ክፍል ልጅ አጐቱን ከሌላ ቀበሌ ቡቃያ ይዞ ሲመጣ «ከየት ያመጣኸው ነው? አፈሩንስ አጠብኸው?» ብሎ እንደ ጠየቀው እናቱ ነግረውናል። አጐትየው ተቈጥቶ ነበር ይባላል። እኔ ግን በዚህ ሜዳ የስንት ቤተ ሰብ ኑሮ በዚህ አንድ ተክል ላይ እንደ ቆመ ሳስብ፥ ጥያቄው የልጅ ጥያቄ አይመስለኝም።

በሽታ ከውጭ ወደኛ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስላቸው፥ ሁለተኛው ጉብኝታችን ወደ ጨንቻ ሆነ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ነገር ግን አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ በ1,300 ሜትር ያህል፥ ጨንቻ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ስለሚገኙ፥ በአንድ ጧት ከቈላ ወደ ደጋ መውጣት ነው። ልጆቹ በመኪናው መስኮት ሙዙ እየሳሳ፥ እንሰቱ እየበዛ ሲሄድ አዩ። «ይህም ሙዝ ነው» ያሉ ነበሩ፤ አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል፤ እንሰት የሙዝ ዘመድ ነውና። ልዩነቱ ከሙዝ የምንበላው ፍሬውን ሲሆን፥ ከእንሰት ግን የምንበላው ግንድ የሚመስለውን ክፍልና ሥሩን መሆኑ ነው፤ ቆጮውና ቡላው ከዚያ ይወጣል። እንሰት በዱር በብዙ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች ይገኛል፤ አልምቶ ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ሕዝብ ብቻ ነው። ዛሬም ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በርሱ ይመገባል።

እንሰትን የሚያጠቃው ዋናው ጠላት አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። ሊቃውንት ይህን በሽታ በኢትዮጵያ በእንሰት ላይ በ1968፥ በሙዝ ላይ ደግሞ በ1974 መዝግበውታል። ከዚያ በኋላ በ2001 በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ላይ ተገኘ፤ ኡጋንዳ ደግሞ ሙዝ እንደኛ እንጀራ ዋና ምግብ የሆነባት አገር ናት። መጀመሪያ በኛ አገር የታወቀው በሽታ የጐረቤቶቻችንን ማዕድ ነካ ማለት ነው። በሽታው በተለይ የሚተላለፈው በቢላዋና በማጭድ ስለ ሆነ፥ ጨንቻ ላይ ያገኘናቸው አንዲት እናት ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዳቸው በፊት ቢላዋቸውን በእሳት ሲያሳልፉ ልጆቹ አዩ። እኔ በቃል ብናገር ከሚገባቸው ይልቅ የዚያች ቢላዋ ጢስ አስተማራቸው።

በዚያው በጨንቻ ዛሬ ብዙ ሰው አፕል የሚለውን ፖም ከዛፉ ላይ ተመለከቱ። የፖም ዛፍ ወደ ጨንቻ የመጣው በሚሲዮናውያን እጅ ነው፤ የጥንት አገሩ ግን ማእከላዊ እስያ፥ የዛሬው ካዛኪስታን ያለበት ተራራ ነው። «አርባ ምንጭ ለምን አናበቅለውም?» ተባልን። ፖም በዓመቱ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ብርድ ካላገኘ እምቡጡ በደንብ አይነቃም፤ ቈላ ላይ ቢተከል ቅጠል ያወጣል እንጂ እንደሚገባው አያብብም። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ልጅ፥ «ታዲያ ጨንቻ ቢሞቅስ?» ብሎ ጠየቀ። ስለ አየር ንብረት መለወጥ የመጣ ትልቅ ንግግር ለማድረግ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ግን ብዙ የሚጨመር አላገኘሁም። የምድር ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ ብርድ የሚፈልገው ፍሬ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ተራራ ግን ጫፍ አለው ብዬ መለስሁለት።

ስንመለስ በመንገድ አጋማሽ በአንድ ጓሮ የቡና ዛፍ አይተን ቆምን፤ ቀዩን የቡና ፍሬ ቀምሰው ቆዳው ጣፋጭ መሆኑን ሲያውቁ ተደነቁ። ቡና ፍሬ መሆኑን ማን አስቦት ያውቃል? በማግስቱ በክፍል ውስጥ የዓለም ካርታ ሰቅለን፥ ያየናቸውን ፍሬዎች ከጥንት አገራቸው ወደ አርባ ምንጭ በክር አገናኘን። ብርቱካን ከቻይና በኩል፥ ማንጎ ከሕንድ በኩል፥ ፓፓያና አቮካዶ ከመካከለኛው አሜሪካ፥ ሙዝ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ መጡ። ክሩ ሁሉ ወደኛ ሲመጣ አንድ ክር ብቻ ከኛ ወጥቶ እስከ ብራዚል ሄደ፤ እርሱም የቡና ነው። ልጆቹ በዚህ በጣም ኮሩ። ኩራታቸውን አልነካሁባቸውም፤ ብራዚል ዛሬ ከዓለም ሁሉ የበለጠ ቡና የምታመርት አገር መሆኗን ግን ነግሬአቸዋለሁ።

ሦስተኛው ጉብኝት በአንድ ብርቱካንና ሎሚ በበዛበት አትክልት ነበረ፤ በዚያም 12 ልጆችን መርጠን የታመሙ መርከበኞች አደረግናቸው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን በባሕር ላይ ብዙ ወራት የሚቈዩ መርከበኞች ስከርቪ በሚባል በሽታ ድዳቸው እየደማ፥ ጥርሳቸው እየወለቀ፥ ጕልበታቸው እየከዳቸው ይሞቱ ነበር። በ1747 ጄምስ ሊንድ የሚባል ሐኪም ሳሊስበሪ በምትባል የእንግሊዝ መርከብ ላይ 12 ሕሙማንን መርጦ ሁለት ሁለት እያደረገ በስድስት ከፈላቸው። ለሁሉም አንድ ዐይነት ምግብ እየሰጠ፥ ለአንዱ ጥንድ ሆምጣጤ፥ ለአንዱ የባሕር ውሃ፥ ለሌላው ከፖም የተጠመቀ መጠጥ፥ እንዲህ እያለ ለየብቻ መድኃኒት አደላቸው። ለአንዱ ጥንድ ግን በየቀኑ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ ሰጣቸው። ፍሬው ለስድስት ቀን ብቻ በቃ፤ እነዚያ ሁለቱ ግን ከሁሉ ቀድመው ዳኑ። ከልጆቹ መካከል የባሕር ውሃ የደረሳቸው «እኛስ?» እያሉ ሲጮኹ ሁሉም ሣቀ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለኔ አሳዛኙ ክፍል የሚመጣው በኋላ ነው። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ ሁሉ የሎሚ ጭማቂ እንዲሰጥ ያዘዘው በ1795 ነው። መድኃኒቱ ከተገኘ ከ48 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፍሬው ነበረ፤ ዕውቀቱም ነበረ። መርከበኞች ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ይሞቱ ነበር።

መርከበኞቹን ያዳነው ነገር ዛሬ ቪታሚን ሲ ይባላል። ይህንንም ካጠኑት አንዱ የሃንጋሪው ተወላጅ አልበርት ሰንት ጆርጂ በ1937 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እርሱም ቪታሚን ሲን በብዛት ለማውጣት የቻለው ከብርቱካን አልነበረም፤ በአገሩ ከሚበቅለው ከበርበሬ ነው እንጂ። ቃሪያም ግራም በግራም ቢመዘን ከብርቱካን የበለጠ ቪታሚን ሲ አለበት። ያች ስለ ቃሪያ የተከራከረችኝ ልጅ ይህን ስትሰማ ቃሪያን ከፍራፍሬ ወገን እንዳስገባችው ነገረችኝ። ስለ እናቷ እንጀራ ግን ምንም አላለችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ። በሦስተኛው ጉብኝት መጨረሻ ላይ ልጆቹን፥ ባለፈው ሳምንት ምን ፍሬ እንደ በሉ ጠየቅናቸው። አባቶቻቸው ሙዝ የሚያመርቱ ልጆች ከከተማ ልጆች ብዙ ይበላሉ ብዬ ገምቼ ነበር። መልሳቸው ግን ሌላ ሆነ። «የተሰበረውን እንበላለን፤ ጥሩው ይሸጣል» አሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም ፍራፍሬና አትክልት እንዲበላ ይመክራል፤ ድንችና ስኳር ድንች በዚህ ውስጥ አይቈጠሩም። አንድ መካከለኛ የተላጠ ሙዝ ከ100 ግራም እምብዛም አይበልጥም። ደግሞም ሙዝ ብቻውን አይበቃም፤ በሙዛችን ውስጥ ቪታሚን ኤ ጥቂት ነው፤ በበሰለ ማንጎና በፓፓያ ውስጥ ግን ብዙ አለ። ቪታሚን ኤ ያጣ ልጅ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ ይህም ዳፍንት የሚባለው ነው። ስለዚህ በሙዝ መካከል እየኖሩ የፍሬ ጕድለት ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ይህን ለወላጆች በተደረገው ስብሰባ ላይ ስናገር፥ መጀመሪያ የተቃወሙን አባት ተነሥተው፥ «የኔ ልጅ፥ ሙዙ ደብተር ነው፤ ሙዙ ዩኒፎርም ነው። ቤት ከተበላ ደብተሩ ከየት ይመጣል?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ይህ አነጋገር ስለ ዓለም ምግብ ካነበብኋቸው ብዙ ገጾች ይልቅ ነገሩን የሚገልጽ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ዘገባ መሠረት በ2024 ጤናማ ምግብ ለመግዛት አቅም ያልነበረው የዓለም ሕዝብ 2.6 ቢሊዮን ያህል ነው፤ የተራበውም 673 ሚሊዮን ያህል ነው። ከነዚህም መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ምግብ የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው። ፍሬው በጓሮ መኖሩ ብቻ በልጁ ሳህን ላይ መገኘቱን አያረጋግጥም።

ለአባትየው የሰጠሁት መልስ፥ የሚሸጠውን ሙዝ ብሉት የሚል አይደለም፤ እንዲህ ማለት ከኔ ዕድሜ በላይ ይሆን ነበር። ያልሁት፥ ለገበያ ሳይሆን ለቤት ብቻ የሚሆን አንድ የፓፓያ ወይም የማንጎ ዛፍ በጓሮ ጥግ ይተከል የሚል ነው። እሳቸውም፥ «ውሃውስ?» አሉኝ። የቤት ዕቃ የታጠበበት ውሃ፥ ሳሙናው ካልበዛበት፥ ለአንዲት ዛፍ ይበቃል ብዬ መለስሁ። «እናያለን» ብለው ተቀመጡ።

አራተኛውና የመጨረሻው ጉብኝት ወደ አትክልት ሳይሆን የተቈረጠው ሙዝ ወደሚጫንበት ቦታ ነበር። የኛ ሙዝ ገና አረንጓዴ እንደ ሆነ ተቈርጦ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አዲስ አበባ ይገባል። ዘለላዎቹ ያለ ሣጥን፥ ቅጠል ብቻ ተነጥፎላቸው፥ አንዱ በአንዱ ላይ ሲከመሩ ልጆቹ አዩ፤ ከታች ያለው ምን እንደሚሆንም ራሳቸው ተናገሩ። ከተማ ከደረሰ በኋላ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ላምባ እየተነደደ በጢሱ እንዲበስል የሚደረግበት ልማድ አለ። ጢሱ የሚያበስለው በውስጡ ኢትሊን የሚባል ጋዝ ስላለበት ነው፤ ይህንኑ ጋዝ የበሰለ ፍሬም ከራሱ ያወጣል። ልጆቹ ይህን እንዲፈትኑ ሁለት ጥሬ አቮካዶ ሰጥተናቸው፥ አንዱን ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት፥ ሌላውን ብቻውን አስቀመጡ። ከሙዙ ጋር የተቀመጠው ቀድሞ ለሰለሰ። አንድ የበሰለ ፍሬ የቀሩትን ቶሎ የሚያበላሸውም በዚሁ ምክንያት ስለ ሆነ፥ በመኪናው ላይ ከጭነቱ መካከል አንድ የበሰለ ዘለላ ቢቀር ምን እንደሚያስከትል ወዲያው ገባቸው።

በዓለም ላይ ምግብ የሚባክነው ግን በመኪና ላይ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ፥ በ2022 በቤት፥ በምግብ ቤትና በሱቅ የተጣለው ምግብ 1.05 ቢሊዮን ቶን ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 60 ከመቶው የተጣለው በየቤቱ ነው። በብዙ የበለጸጉ አገሮች ፍሬ መልኩ ስላላማረ ወይም ስለ ጐበጠ ብቻ ከገበያ ይወጣል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ፥ «ታዲያ ለተራቡት ለምን አይሰጡትም?» አሉ። ይህን ጥያቄ ከሌላ ክፍል የመጡ ትልልቅ ተማሪዎችም ጠይቀውኛል። ለንደን ላይ የተጣለ ፖም ተራቡ ወደሚባሉበት ቦታ እስኪደርስ ይበሰብሳል፤ ከዚያም በላይ የረኃብ መንሥኤው ብዙውን ጊዜ ድኽነት፥ ጦርነትና ድርቅ እንጂ የምግብ ከዓለም መጥፋት ብቻ አይደለም። ይህ መልስ እውነት ነው፤ ልጆቹን ግን አላስደሰታቸውም። እኔንም አላስደሰተኝም።

በጥቅምት ወር በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ሁለት አቮካዶና ሰባት የፓፓያ ችግኞች ተክለናል። አቮካዶዎቹ ከጥሩ ዛፍ የተቈረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ታስሮ የተጣበቀባቸው ናቸው፤ ከዘር ብቻ የበቀለ ቢሆን ፍሬ ለማየት ብዙ ዓመት እንጠብቅ ነበር፤ የሚያፈራውም እናቱን ላይመስል ይችላል። ፓፓያው ቶሎ ስለሚያፈራ ልጆቹ ሁሉ የሚጠብቁት እርሱን ነው። ነገር ግን ፓፓያ ወንድና ሴት ዛፍ ስላለው፥ አበባ እስኪያወጣ ድረስ ማንነቱ አይታወቅም። የወንዱ አበባ በረጅም ቀጭን አገዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ የሴቷ ከግንዱ ተጠግቶ ይወጣል። በሚያዝያ ሁለቱ አበቡ፤ ሁለቱም ወንድ ሆኑ። የ3ኛ ክፍሎቹ ይነቀሉ ሲሉ፥ የ4ኛ ክፍሎቹ ደግሞ ያለ ወንድ አበባ ሴቷ እንዴት ታፈራለች ብለው ተከራከሩ። አንዱ እንዲነቀል፥ አንዱ እንዲቈይ ተስማሙ። የተነቀለበትን ጕድጓድም ደፍነው አዲስ ችግኝ አስገቡበት። የቀሩት አምስቱ ገና አላበቡም፤ ውሃ የማጠጣቱ ተራ በክረምቱ የማን እንደሚሆን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።